«ሽያጭ ወረደ» ከማለታችሁ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የአንድ ካፌ ባለቤት ባሪስታውን ሊያሰናብት ደርሶ ነበር። መነሻው ኤክሴል ላይ ያየው ቁጥር ነው። የየካቲት 2017 የማኪያቶ ሽያጭ ከየካቲት 2016 ሽያጭ በጣም ወርዷል። «ልጁ ሥራው ላይ ልቡ የለም» አለኝ። መጀመሪያ ካላንደር እንይ አልኩት።

በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው። በ2017 ግን የካቲት 17 ገብቷል። የ2017ቱ የካቲት ግማሽ ያህሉ ጾም ነበር ማለት ነው። ወተት የሚያዝ ሰው መቀነሱ አይቀርም። የቡናና የሻይ ሽያጩን ስናወጣው በእነዚያው ቀናት ከፍ ብሏል። ሰው ከካፌው አልቀረም፣ የሚያዘውን ነው የቀየረው። ባሪስታው ዛሬም እዚያው ይሠራል።

ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ንግዶች መዝገባቸውን እንዲያነቡ ሳግዝ፣ በብዛት የሚያጋጥመኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ወርን ከወር በስሙ ብቻ ማወዳደር። ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ፣ ረቡዕን ከረቡዕ አወዳድሩ። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ነው የሚመጣው። ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት። እንደ ሙሉ ወር አድርጎ ግራፍ ላይ ያስቀመጣት ሰው በየዓመቱ መጨረሻ ገደል ያያል። በቀን አማካይ ካወጣችሁት ገደሉ ይጠፋል።

ሁለተኛው ስህተት ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ቤት የካሽ ሬጅስተሩ ሪፖርት «ብዙ ሽያጭ 7 ሰዓት ላይ ነው» ስላለ ለምሳ ሰዓት ተጨማሪ አስተናጋጅ መደበ። የማሽኑ 7 ግን የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሰልፉ የነበረው ሥራ ከመግባታቸው በፊት ቁርስ በሚበሉ ሰዎች ነው። ጠዋት ሰው እየቸኮለ ይቆማል፣ ምሳ ላይ አስተናጋጆቹ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ባለቤቱ ውሎው ሌላ ቦታ ስለሆነ ይህን በዓይኑ አላየም። ሪፖርት ስታወጡ ሰዓቱን ሠራተኛው በሚቆጥርበት አቆጣጠር ጻፉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው ብርን ብቻ መቁጠር ነው። «ዘንድሮ ሽያጬ አድጓል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ስንት ስኒ ሸጥክ ብዬ እጠይቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ያልጨመረ ነጋዴ ካለ ጥቂት ነው። ዋጋችሁን በእጥፍ አሳድጋችሁ ሽያጫችሁ በብር በግማሽ ብቻ ካደገ፣ ከአራት ስኒ አንዱን አጥታችኋል። ግራፉ ግን ሽቅብ እየወጣ ደስ ያሰኛችኋል። ከብሩ ጎን የስኒውንም ብዛት መዝግቡ።

አሁን በጣም ወደማስብበት ጉዳይ ልምጣ። ካዛንቺስ አካባቢ ምሳ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ ነበሩ። የበላተኛው ቁጥር ቀንሶባቸዋል። «ደንበኞቼን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም በጣም ጥሩ ነው ይሉኛል» አሉኝ። «እትዬ፣ ፊትዎ ላይ ማን ወጡ ጨው በዝቶበታል ይላል?» አልኳቸው። ሳቁ።

ይሉኝታ ያለበት ሰው የሚናገረው ሌላ፣ የሚያደርገው ሌላ ነው። ይህ ውሸታምነት አይደለም፤ አክብሮት ነው። ግን በአክብሮት የተሰጠ መልስ ላይ ተመሥርቶ ሜኑ መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ትሪ የምታነሣዋ ልጅ የትኛው ወጥ ተርፎ እንደሚመለስ በወረቀት ላይ ጭረት እንድታደርግ ተስማማን። ምስሩ በየቀኑ ተርፎ ይመለሳል። ሽሮው ግን ይጠረጋል። በአፍ አንድም ሰው ስለ ምስሩ ቅሬታ አላቀረበም ነበር። ደንበኛን መጠየቅ ይቅር አልልም። ግን «ወደዱት?» ከማለት «ባለፈው ሳምንት ምሳ የት የት በሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያደረገውን ለመናገር ይሉኝታ አይዘውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰው ያጣው ነገር ካገኘው እኩል መጠን ያለው ነገር የበለጠ እንደሚከብደው አሳይተዋል። ስለዚህ «ምግቡን ለሚወስዱበት ዕቃ 20 ብር ይጨምራሉ» እና «የራስዎን ዕቃ ካመጡ 20 ብር ይቀነሳል» በሂሳብ አንድ ቢሆኑም ለሰሚው አንድ አይደሉም። ዋጋ ስትለጥፉ ይህን አስቡበት። አረፍተ ነገሩም እንደ ዋጋው ይመረመር።

ሌላው ስህተት የመጣውን ብቻ ቆጥሮ የቀረውን መርሳት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስታቲስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ ከዘመቻ የተመለሱ የጦር አውሮፕላኖችን የጥይት ጉዳት አጥንቶ ነበር። ጥበቡ ያልተመለሱትንም በስሌቱ ውስጥ ማስገባቱ ላይ ነው። ተመትተው የተመለሱት፣ የተመቱበት ቦታ ስላልጣላቸው ነው የተመለሱት። በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ከሰፈሩ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ከቀሩት ደንበኞች ብቻ ተነሥቶ «ሰዎች ይህን ይወዳሉ» ማለት የተመለሱትን አውሮፕላኖች ብቻ እንደ መቁጠር ነው። በቴሌብር የሚከፍለውን ብቻ ማየትም ያው ነው፤ በጥሬ ብር የሚከፍሉት አባት ከሪፖርቱ ውጭ ይቀራሉ።

ወደ ግራፍ እንምጣ። ሰኞ 480፣ ማክሰኞ 500 ስኒ ተሸጠ እንበል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቋሚው መስመር ከ470 ከጀመረ ግን የማክሰኞው ባር (የግራፉ ቋሚ ዘንግ) የሰኞውን ሦስት እጥፍ ያክላል። ባር ግራፍ ከዜሮ ይጀምር። አሥራ ሁለት ቀለም ያለውን ፓይ ቻርትም (ክብ ግራፍ) ተዉት፤ ዓይናችን ማዕዘን ከማወዳደር ርዝመት ማወዳደር ይቀለዋል። አማካይ ብቻውንም አይበቃም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 እ.ኤ.አ. አማካያቸው አንድ ዓይነት የሆነ አራት የቁጥር ስብስብ አዘጋጅቶ ነበር። በነጥብ ሲሣሉ አንዱ ከሌላው ጨርሶ አይመሳሰልም። ሥሉት፣ ከዚያ እዩት።

የመጨረሻው ስህተት ግራፉን በባለቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ መቆለፍ ነው። የአራት ኪሎው ካፌ አሁን የሳምንቱን ሽያጭ በአንድ ወረቀት አትሞ ከካሸሯ ጀርባ ይለጥፋል። ሠራተኞቹ በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። ማክሰኞ ላይ «መብራት ጠፋ»። ሐሙስ ላይ «ከባድ ዝናብ»። ቅዳሜ ላይ ደግሞ በባሪስታው እጅ «ወተት ከ10 ሰዓት በኋላ አለቀ» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሊትር ጨመረ።