የግብዓት ማሸጊያ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ምግብ ማምረቻ ውስጥ መጀመሪያ ስቶር፣ ከዛ ፕሮዳክሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሰርቻለሁ፣ እና ደጋግሜ ያየሁት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ በምን ታሽጎ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያንን ማሸጊያ በእጁ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግዢ ክፍል ዋጋ ያወዳድራል፣ በኪሎ የረከሰውን ይመርጣል፣ ከዛ መከራውን ሚክሰሩ ጋር የቆመው ልጅ ይቀበላል። እኔ የምለው መጀመር ያለባችሁ ከሚክሰሩ አፍ ነው። ግብዓቱ እንዴት ነው የሚገባው፣ ማነው የሚያስገባው፣ በአንዴ ስንት ኪሎ ነው፣ እሱን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ስቶሩን፣ ፎርክሊፍቱን፣ ማራገፊያውን እዩ። ዋጋ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

በኪሎ ዋጋ ብቻ መወሰን

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ የሰራሁበት ቦታ ሙሉ ቅባት ያለው የወተት ዱቄት በ25 ኪሎ የወረቀት ከረጢት ነበር የሚመጣው። አንድ ቀን ወደ ጃምቦ ባግ፣ ማንጠልጠያ ያለው ትልቁ የጨርቅ ከረጢት፣ ተቀየረ ተባለ፣ በኪሎ ቀነስ ይላል፣ ከረጢት መቅደድም ይቀራል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር እውነቱን ለመናገር። የመጀመሪያውን ጃምቦ ሆፐሩ፣ ማለትም ዱቄቱ ወደ ሚክሰሩ የሚፈስበት ማስገቢያ፣ ላይ ሰቀልነው፣ የታችኛውን አፍ ፈታነው፣ ዱቄቱ ለጥቂት ሰከንድ ዱብ ዱብ አለና ቆመ። በቃ ቆመ። አንዱ ልጅ በጎማ መዶሻ ጎኑን መምታት ጀመረ፣ ሌላው ከታች ቀና ብሎ ሲያይ መሀሉ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ተከፍቷል፣ ዙሪያው ግን እንደ ግድግዳ ቆሟል። ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ዱቄት አየር ላይ ተሰቅሎ አልወርድም አለ፣ ሚክሰሩ ባዶውን ይሽከረከራል፣ መስመሩ ቆመ። ከዛ አንዱ እጁን በጃምቦው አፍ ወደ ላይ ሊሰድ ሲል ነው የጮህኩት፣ ምክንያቱም ያ ግድግዳ ሲናድ በአንዴ ነው የሚናደው፣ ከተሰቀለ ጃምቦ ስር ደግሞ ሰው በፍጹም መግባት የለበትም።

ጥፋቱ የጃምቦ ባግ አይደለም። ጨውና ደረቅ ስኳር ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ራሱ ይፈሳል፣ ጃምቦ ይስማማዋል። የደቀቀ፣ ቅባት ያለው ወይም እርጥበት የሚስብ ዱቄት ግን፣ የወተት ዱቄት፣ ኮኮዋ፣ የተፈጨ ስኳር፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ ይጠቀጠቃል፣ ስቶር ውስጥ ሌላ ጃምቦ ሲደረብበት ደግሞ ጭራሽ ይጋገራል። እንዲህ ያለውን በጃምቦ ከፈለጋችሁ የመውጫው አፍ ስፋት ስንት ነው፣ ታችኛው ክፍል ሾጣጣ ነው ወይስ ጠፍጣፋ፣ እኛስ ጎኑን እየጨመቀ የሚያወርድ ማውረጃ ፍሬም አለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የለንም ከሆነ ከረጢቱ ነው የሚረክሰው፣ ምክንያቱም የቆመ መስመርና የመዶሻ ሰዓት በኪሎ ዋጋው ውስጥ የለም።

ኪሎና መጠንን ማምታታት

አንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚይዝ ጃምቦ "አንድ ቶን" ነው ብለው የሚያዙ ሰዎች አሉ። ጨው ከሆነ እዛው መጠን ውስጥ ወደ 1200 ኪሎ ይገባል፣ ስኳር ወደ 850፣ የስንዴ ዱቄት ግን ከ500 እስከ 600 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስቶራችሁ ለ20 ቶን ዱቄት ብሎ ያሰበው ቦታ 20 ቶን አይይዝም። ለፈሳሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ 1000 ሊትር የሚይዘው በብረት ፍርግርግ የታቀፈው ታንክ፣ አይቢሲ የምንለው፣ በዘይት ሲሞላ 920 ኪሎ አካባቢ ነው፣ በማር ወይም በግሉኮስ ሽሮፕ ሲሞላ ግን ወደ 1400 ኪሎ ይደርሳል፣ የራሱ ክብደት ወደ 60 ኪሎ ሲጨመርበት 1.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ጫፉ ላይ ነው ያለው። ፎርክሊፍት ደግሞ ሹካውን ከፍ ባደረገ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፣ ያቺን ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ሠንጠረዥ አንብቧት።

ከባቹ ጋር የማይሄድ ከረጢት

ፎርሙላችሁ በአንድ ባች፣ በአንድ ዙር በሚቀላቀለው ማለቴ ነው፣ 110 ኪሎ ስኳር ይላል እንበል፣ ከረጢቱ 25 ኪሎ ነው። አራት ሙሉ ከረጢት ይገባና 10 ኪሎ ይጎድላል። አምስተኛው ይከፈታል፣ 15 ኪሎ አፉ ተከፍቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ባች ሲመጣ ሚዛን ላይ ይሰለፋል፣ ማታ ላይ ስንት ግማሽ ከረጢት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ ከየትኛው ምርት እንደመጣ የሚለየው ሎት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ተቀዶ ወድቋል። ከተቻለ ባቹን 100 ወይም 125 አድርጉት፣ ካልተቻለ ሰፕላየሩን ሌላ መጠን ያሽግ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የተወሰነ ቶን ካዘዛችሁ ያደርጉታል።

በትንሽ በትንሹ የሚገቡት ላይ ደግሞ ይብሳል። በባች 200 ግራም የሚገባ ቫይታሚን በ25 ኪሎ ገዝታችሁ ከሆነ ያ አንድ ማሸጊያ ለ125 ባች ይከፈታል ይዘጋል ማለት ነው። አየርና ብርሃን በገባው ቁጥር ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ባች የመጀመሪያውን አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ፣ በአሉሚኒየም ፎይል የታሸገ ይሻላል፣ በኪሎ ቢወደድም።

እርጥበትን መናቅ

የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ውሃ መሳብ ይጀምራል፣ ስኳር እስከ 85 በመቶ አካባቢ ይታገሳል፣ ፍሩክቶስ ግን 62 በመቶ ላይ ነው እጁን የሚሰጠው። እና ሶስቱንም በአንድ ዓይነት የውስጥ ላስቲክ በሌለው ከረጢት አስመጥቶ አንድ ስቶር ማስገባት ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ባለ ብዙ ንብርብር ወረቀት ከረጢት ጠንካራ ይመስላል ግን ውስጡ ላስቲክ ከሌለው እርጥበት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ላስቲክ ያለውንም ቢሆን አዘጋጉን እዩ፣ ውጭው ተሰፍቶ የውስጡ ላስቲክ ዝም ብሎ ከታጠፈ አልተዘጋም፣ በሙቀት መጣበቅ አለበት ወይም ጠምዘዝ ተደርጎ መታሰር። ሌላው፣ ትኩስ ሆኖ የታሸገ ዱቄት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያላበዋል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጓል ካገኛችሁ ስቶራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ሰፕላየሩ በስንት ዲግሪ እንዳሸገው ጠይቁ።

ጃምቦ ባግ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ይሄንን በደንብ አንብቡልኝ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ስታርች፣ የወተት ዱቄት ብናኛቸው አየር ላይ ሲሆን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ፖርት ዌንትወርዝ የሚገኘው የኢምፔሪያል ሹገር ፋብሪካ በስኳር ብናኝ ፈንድቶ 14 ሰው ሞቷል። እዛ መነሻው ጃምቦ ባግ አልነበረም፣ የምጠቅሰው "ስኳር ነው እኮ ምን ይሆናል" የሚለውን ሰው ስለምሰማ ነው። ጃምቦ በፍጥነት ሲራገፍ በፍትጊያው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ ለዚህ ሲባል ጃምቦዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተብለው ይለያሉ። ኤ ምንም መከላከያ የለውም፣ ለጨው ችግር የለውም፣ ጨው አይቃጠልም። ቢ ከባዱን የብልጭታ ዓይነት ይቀንሳል ግን የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ አያስወግድም። ሲ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር አለው፣ ሲሞላም ሲራገፍም ከኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ከሚወስደው ገመድ፣ ጋር መገናኘት አለበት፣ ካልተገናኘ ከሌላው ይልቅ አደገኛ የሚሆነው እሱ ነው። ዲ ያለ ኧርዝ ገመድ እንዲሰራ የተሰራ ነው፣ ሆኖም አጠገቡ ያለው ብረትም ሰውም ከኧርዝ ጋር መገናኘት አለበት። የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን የሚወስነው የዱቄታችሁ ብናኝ በስንት ሚሊጁል (የብልጭታው ጉልበት መለኪያ) ብልጭታ እንደሚቀጣጠልና አካባቢው ላይ አልኮል የመሰለ ተን መኖር አለመኖሩ ነው፣ ቁጥሩን ሰፕላየሩን ጠይቁና ለደህንነት ባለሙያ አሳዩ፣ በግምት የሚኬድበት አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ጃምቦው ላይ የጥንካሬ ደረጃው 5፡1 የሚል ካያችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰራ ነው ማለት ነው። ተደጋግሞ የሚሞላው ቢያንስ 6፡1 ይላል። ያንዴውን መልሶ እየሞሉ ማንጠልጠል፣ በተለይ ፀሐይ ላይ ከርሞ ከነበረ፣ አታድርጉት፣ ፀሐይ ጨርቁን ያደክመዋል፣ ማንጠልጠያው ሳይታሰብ ይለቃል።

ፈሳሹ በምን ይወጣል ብሎ አለመጠየቅ

አይቢሲ መውጫው ታች ያለው ቫልቭ ነው፣ በአብዛኛው 50 ሚሊሜትር። ዘይት በሱ ይሮጣል። ቀዝቃዛ ግሉኮስ ሽሮፕ ግን ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፣ የተቀመጠ ማር ደግሞ ክሪስታል ሰርቶ ቫልቩን ይደፍናል፣ ፕላስቲኩ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ከውጭ ማሞቅም ቀላል አይደለም። ለወፍራም ነገር ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚነሳ 200 ሊትር የብረት በርሜል ይሻላል፣ በማሞቂያ ቀበቶ ይሞቃል፣ ከላይ እየተጫነ የሚወርድ ፓምፕም ይገባበታል። የሚቀረውንም አስሉ፣ አይቢሲ ታች ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ቢቀር 20 ሊትር ያህል ነው፣ ማር ከሆነ 28 ኪሎ፣ ያውም በእያንዳንዱ ታንክ።

ዘይት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ግማሹ ተቀድቶ ሳምንታት የሚቀመጥ ነጭ ታንክ ከላይ አየር ከጎን ብርሃን ያገኘዋል፣ ሽታውና ጣዕሙ ይበላሻል። በሳምንት የምትጨርሱት 200 ሊትር ከሆነ ለምን 1000 ትገዛላችሁ?

ክር፣ ቁራጭ ወረቀትና ያገለገለ ጆንያ

የተሰፋ ከረጢት ሲከፈት የስፌቱ ክር በትክክል ከተሳበ አንድ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ቸኩሎ በቢላ ከቆረጠው ግን አጫጭር ቁራጭ ሆኖ ዱቄቱ ውስጥ ይወድቃል፣ ሜታል ዲቴክተር ደግሞ ክርም ወረቀትም ላስቲክም አያይም። ስለዚህ ማፍሰሻው ላይ ወንፊት ይኑር፣ የውስጥ ላስቲኩና ክሩ ሰማያዊ ይሁን፣ ሰማያዊ ነገር ነጭ ዱቄት ላይ ዓይን ይገባል። ሰፕላየሩም ማሸጊያው ለምግብ የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ ያምጣ። ሌላ ነገር ይዞ የነበረ ጆንያ አጥቦ መጠቀም ለኔ ክርክር ውስጥ የሚገባ አይደለም፣ ምን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም፣ የለውዝ ወይም የሰሊጥ ትራፊ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል።

የተሸካሚውን ወገብ መርሳት

አንድ ቶን በ25 ኪሎ 40 ከረጢት ነው፣ በ50 ኪሎ 20 ነው፣ ወረቀት ላይ 50ው ያምራል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ የማንሳት ስሌቱን የሚጀምረው ከ23 ኪሎ ነው፣ ያም ሁሉ ነገር ሲመቻች፣ ሰውየው ሳይጠማዘዝ፣ ዕቃው ከወገቡ እኩል ሆኖ። ሆፐሩ ደረት ላይ ከሆነ፣ ከረጢቱ የተደረደረበት ፓሌት ደግሞ መሬት ላይ፣ 25ም ይበዛል። ወይ 15 እና 20 ኪሎ እዘዙ፣ ወይ በቫኩም የሚያነሳ ማንሻ ግዙ፣ ወይ ሆፐሩን ዝቅ አድርጉት።

ሳይሞክሩ መፈረም

ያቺን የወተት ዱቄት ጃምቦ መጨረሻዋን ልንገራችሁ። ወደ ከረጢት ተመለስን፣ ከወራት በኋላ ግዢው እንደገና ጃምቦ ሲል እሺ ግን ሁለት ጃምቦ ብቻ ይምጣ አልን። ሁለቱን ጃምቦ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን ሶስት ሳምንት ስቶር አስቀመጥን፣ ልክ እንደ እውነተኛው ጊዜ፣ ከዛ ሁለቱንም በየተራ ሆፐሩ ላይ ሰቅለን ሰዓት ያዝን። ከላይ የነበረው ወረደ፣ ከታች የነበረው ቆመ። ሰፕላየሩ አፉን አስፍቶ ታችኛውን ሾጣጣ አድርጎ ሌላ ላከ፣ እኛም ጃምቦ አንደርብም ብለን መደርደሪያ አሰራን፣ ሶስተኛው ሙከራ ላይ መዶሻ ሳንነካ ባዶ ሆነ። ውሉ የተፈረመው የዛን ዕለት ነው፣ የአፉ ስፋት፣ የታችኛው ቅርጽና "ሳይደረብ ይጓጓዝ" የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ ተጽፎ።