የዊልቸር ቦታ ላይ መኪና ሲያቆሙባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ለአካል ጉዳተኛ በተተወ ቦታ ላይ መኪናውን ገትሮ ከሄደ ሹፌር ጋር መጨቃጨቅ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ቢሳካላችሁ እንኳ የምታስለቅቁት የዛሬውን ቦታ ነው። ነገ ሌላው ይመጣል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በተለይ ጣና ዳር ባሉት ሆቴሎችና መዝናኛዎች፣ ያንን ቦታ የሚያስከብረውም የሚያስደፍረውም በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ምክሬ ስለ እሱ ነው። የምጽፈው ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው፣ እሱን ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ፣ እና "ይሄማ ልክ አይደለም" እያለ ዝም ብሎ ማለፍ ላቃተው መንገደኛ ነው። ሹፌሮችም ብታነቡት አልጠላም።

ቦታው ለምን ሰፋ?

"ለበሩ ቅርብ ስለሆነ ነው የተሰጣቸው" የሚል ሰው ብዙ ነው። ቅርብ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን ስፋቱ ነው። ተራ የመኪና ማቆሚያ ወርዱ 2.4 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። በዚያ ላይ የመኪናው በር ወለል ብሎ መከፈት አለበት፣ ዊልቸሩ መቀመጫው ጎን መጠጋት አለበት፣ የሚያግዝ ሰው ካለ እሱም የሚቆምበት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከጎን 1.2 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተጨምሮ ጠቅላላው ወደ 3.6 ሜትር የሚጠጋው። ያ በሰያፍ መስመር የተሸነተረው ጎን ትርፍ መሬት አይደለም። ሰው የሚወርድበት ነው። ሞተር ሳይክል የሚያቆሙት ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው፣ ስትጠይቋቸውም "የመኪናው ቦታ እኮ ባዶ ነው፣ እኔ ዳር ይዤ ነው" ይሏችኋል። አንዲት ሞተር ሙሉውን ቦታ ዘጋችው ማለት ነው።

ሌላው ራምፑ፣ ማለትም ዊልቸር በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት ነው። የራምፑ አፍ ላይ መኪና ተጠግቶ ሲቆም ትንሽ ክፍተት ይቀራል። እግረኛ በጎን ሾልኮ ያልፋል፣ ዊልቸር አያልፍም። ከዚያ "ኑ እስቲ ልጆች" ይባልና ሰውየውን ከነወንበሩ ተሸክሞ ደረጃ ማውጣት ይመጣል። አጎቴን አንድ ሆቴል (ስሙ ይቅር) እንዲህ አድርገው ሲያወጡት አይቻለሁ። አስተናጋጆቹ በቅንነት ነው፣ "ምንም አይደል አባባ፣ እኛ አለን" እያሉ። አጎቴ ሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ፣ ባርኔጣው ደረጃው ላይ ወድቆ፣ ከታች ደግሞ አንድ ነጭ ፒክአፕ ራምፑን ዘግቶ ቆሟል። ምሳውን ነካ ነካ አደረገና "በሉ እንሂድ" አለን። ሹፌሩ ይህን አላየም። ብዙዎቹ አያዩትም፣ ክፋት የሌለባቸውም ለዚህ ነው ቦታውን የሚይዙት።

ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ

ጠይቁ እንጂ አትክሰሱ። ሰው ሠራሽ እግር በሱሪ ውስጥ አይታይም። ልቡን የሚያመው ሰው ሃያ እርምጃ ሄዶ ሊያለከልክ ይችላል፣ ሲያዩት ግን ጎረምሳ ነው። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ ከፊት መስታወቱ ሥር ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ካርድ አለ፣ ካርዱን አይቶ ባለመብቱን መለየት ይቻላል። እኛ በዓይናችን ነው የምንገምተው፣ ዓይን ደግሞ ይሳሳታል። "አንተ ምን ሆነህ ነው እዚህ ያቆምከው?" ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ሰውየው እውነትም ባለመብት ከሆነ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣችሁ ትመርጣላችሁ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ዊልቸር የያዘ ሰው ልናወርድ ነበር፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን?" ተፈጸመ። በዕድሜ ከፍ ካሉ "ጋሼ" ወይም "እናቴ" ብላችሁ ጀምሩ። የምትሉት ስለ ዊልቸሩ እንጂ ስለ ሹፌሩ ጠባይ አይሁን። አብዛኛው ሰው "ውይ፣ አላየሁትም" ብሎ ያነሳል። ቢያየውም ባያየውም ምን አገባችሁ፣ አነሳ አይደል?

የማያነሳው መልሱ ይታወቃል። "አምስት ደቂቃ ነው" ካለ፣ "እኛም ለማውረድ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብን፣ እስከዚያ ወዲያ ቢሉልን" በሉት። "ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ውስጥ አለሁ" የሚለው ቀላሉ ነው፣ መሪው ላይ ተቀምጧልና ወደ ኋላ ብቻ ይበል። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ የጠፋው ግን የባሰ ነው፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ሲል ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። ሆስፒታል በር ላይ "በሽተኛ ይዤ ነው" የሚል ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፣ እውነቱን ነው። በሽተኛውን እንዲያወርድ አግዙት፣ ካወረደ በኋላ መኪናውን እንዲያነሳ ለምኑት።

ሹፌሩ ከሌለስ? ታርጋውን አንብቡና ለእንግዳ ተቀባይዋ ወይም ማይክ ለያዘው ሰው ስጡ። "ታርጋ ቁጥሩ ይህን ያህል የሆነ፣ መኪናዎን ያንሱልን" የሚለውን ጥሪ የማያውቅ ባሕር ዳሬ የለም፣ በሁሉም አዳራሽ ይሠራል። መኪናው ኮድ 4 ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፏል። ደውላችሁ ስምሪት ክፍሉን ጠይቁ። ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ንገሯቸው። የመንግሥት ሹፌር ከትራፊክ ይልቅ ስምሪቱን ይፈራል።

ጎማ ማስተንፈስ፣ ቀለም መቧጨር፣ ከኋላ ዘግቶ መሄድ፣ እነዚህን ተዉአቸው። ደም ፍላታችሁ ይበርዳል፣ ክሱ ግን ይቀራል። ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መለጠፍም ያው ነው፣ ሹፌሩ የተዋሰው የሌላ ሰው መኪና ቢሆንስ? ፎቶ ካነሳችሁ ምልክቱ፣ መኪናውና የሕንፃው በር በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ አንሱና ለሥራ አስኪያጁ ላኩለት። አስፋልት ዳር ከሆነ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፣ ታርጋ ሲፈታ ያየ ሹፌር በዚያ በኩል ሁለተኛ አያቆምም። ግቢ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያገባው የግቢውን ባለቤት ነው።

ጥበቃው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥበቃው ቦታው ለማን እንደሆነ አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ። በደንብ ያውቃል። ነገር ግን ቪ8 ይዞ የመጣ ደንበኛ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "ክፈት እንጂ!" ሲለው ምን ይበል? የደንበኛው ጉርሻ የዕለት ምሳው ናት። ደንበኛው ገብቶ "ዘበኛችሁ ባለጌ ነው" ቢል ደግሞ የሚባረረው እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር ከመጣላት በፊት ከጀርባው የሚቆምለት ሰው ፈልጉለት። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ጌታዬ፣ ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘኝ።" ይህን እንዲል ሥራ አስኪያጁ እውነትም ማዘዝ አለበት፣ በተለይም ሌሎች ሠራተኞች ባሉበት።

ለመሄድ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። "ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይዘን እንመጣለን፣ ቦታውን ለጥበቃው ንገሩልን" በሉ። በዚያው ራምፕ መኖሩን ጠይቁ፣ "አለ" ካሏችሁ ደግሞ ምን ያህል ቁልቁል እንደሆነ። አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ተዳፋት ነው ልኩ። ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከፍታው 45 ይሆናል፣ ራምፑም 5.4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ሳንቃ ጣል አድርገው "ራምፕ አለን" የሚሉ አሉ፣ እሱ መንሸራተቻ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። እዚህ ከተማ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በራሱ መኪና ሳይሆን በባጃጅ ነው፣ ዊልቸሩም ታጥፎ ከኋላ ይጫናል። ብዙ ግቢ ደግሞ ባጃጅ አያስገባም። ሰውየው አስፋልት ዳር ይወርድና ከበሩ እስከ ደረጃው ያለውን ኮብልስቶን እየተንገጫገጨ ይሄዳል፣ ለእሱ የተቀባው ቦታ ደግሞ የሌላ ሰው ፕራዶ ተኝቶበታል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን ስታናግሩ ይህንንም አብራችሁ ጠይቁ፦ ዊልቸር የያዘ ባጃጅ ይግባ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያውርድ፣ ይውጣ። ይህ ብቻ ቢስተካከል ቦታው ባዶ እየመሰለ የሚያስጎመዠው ነገር በግማሽ ይቀንሳል፣ ሲሠራበት ሰው ያየዋላ።

ሥራ አስኪያጁ "እናያለን" እያለ ከገፋችሁ በጽሑፍ አድርጉት፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀሙም ሆኑ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዟል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፣ አንቀጽ 9ኙ ስለ ተደራሽነት ነው። የአዋጁ አንቀጽ የሚያነሳው መግቢያውንና መጸዳጃ ቤቱን እንጂ ፓርኪንግን በስም አይደለም፣ ይህን አውቃችሁ ጻፉ። ግን መኪና የዘጋው ራምፕ ምን ዓይነት መግቢያ ነው? ጥያቄውን በዚህ መልክ አቅርቡት። አዋጅ የተጠቀሰበት ወረቀት ሲመጣ ማኅተም ተደርጎ ገቢ ይሆናል፣ ገቢ የሆነ ወረቀት ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

የሰርግ ቀን

ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ልዩ ናቸው። ሙሽሮች ጣና ዳር ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ፣ አጃቢው ጥሩንባውን እያቀለጠ ይከተላል፣ ሁሉም በአንዴ ቦታ ይፈልጋል። አበባ የለበሰችው መርሴዲስ በሩ ሥር ካልቆመች ሰርግ ሰርግ አይመስላቸውም። በዚያን ሰዓት ማንንም ማስረዳት አይቻልም፣ አትድከሙ። ሰርጉ የእናንተ ከሆነ አዳራሽ ስትከራዩ "የዊልቸሩ ቦታ ክፍት ይሁን" የሚለውን ውሉ ላይ አስጽፉ፣ ከዘመድ አንድ ቁጡ ጎረምሳ መርጣችሁም እዚያ አቁሙት። አያታችሁ ሲደርሱ ነው የሚገባችሁ።

የቦታው ባለቤት ከሆናችሁ

ቀለም ብቻውን አይበቃም። መኪና ሲቆምበት ምልክቱ ይሸፈናል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ያጥበዋል። ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ እንደገና ቀቡት፣ የጎኑን ሸንተረርም አትርሱ። ከዚያ በሰው ቁመት ልክ ምሰሶ ላይ ሰሌዳ ስቀሉ። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ "ለአካል ጉዳተኛ ብቻ። ለአምስት ደቂቃም አይቻልም።" ሁለተኛውን መስመር የምወደው ሰበቡን ገና ሳይወለድ ስለሚቀጨው ነው።

ኮን ማስቀመጥ ይረዳል፣ ግን አስቡት፦ ብቻውን እየነዳ የመጣ አካል ጉዳተኛ ኮኑን ማን ያነሳለታል? ወርዶ ማንሳት ቢችልማ ቦታው ባላስፈለገው ነበር። ኮን ካደረጋችሁ ጥበቃው ከሚቆምበት የሚታይ ይሁን፣ ጥሩንባ ሲሰማም ሮጦ ያንሳ። ሰንሰለትና ቁልፍ ግን በጭራሽ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነው። ጄኔሬተር፣ የቢራ ሳጥን፣ የአበባ ማሰሮ እዚያ አታስቀምጡ። እናንተ ራሳችሁ ዕቃ ማከማቻ ያደረጋችሁትን ቦታ ሹፌር አያከብርላችሁም።

ምሰሶው ላይ ብስክሌት እንደሚታሰርበት ከአሁኑ እወቁት፣ ባሕር ዳር ነው ያላችሁት። ለብስክሌት ሌላ ጥግ ላይ ሁለት ብረት ትከሉለት።