ከግጭ እስከ ጨነቅ በአንድ ቀን፦ የእሜት ጎጎንና የእናትዬን አፋፍ በቡድን ለሚሻገሩ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከግጭ ካምፕ ተነሥቶ በአፋፉ ጨነቅ የሚያደርሰው መንገድ በቁጥር ሲታይ አያስፈራም፤ ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፣ ጨነቅ 3,620። በመካከሉ ግን 3,926 ሜትር ወዳለው እሜት ጎጎ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና 4,070 ሜትር ወዳለው እናትዬ ትወጣላችሁ፣ ከዚያም 450 ሜትር ቁልቁል ወደ ጨነቅ ነው። ዕረፍቱን ጨምሮ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቡድን የሚበተነው በመጀመሪያው ዳገት ሳይሆን በሁለተኛው ነው። እሜት ጎጎ ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው እናትዬ ሥር ሲደርስ ፀሐዩ ከሯል፣ ውኃው አልቋል፣ ወደ ኋላ መመለሱም ወደ ፊት ከመሄድ አይቀልም። የቀኑ ዕቅድ ሁሉ ለእናትዬ ጉልበት ለማትረፍ መሠራት አለበት።

ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ በዚያው ሳምንት አጣሩ። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ የሚከፈልበትና ስካውት (አብሯችሁ የሚጓዝ የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደብበት ስለሆነ መረጃውም እዚያ ይገኛል። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ በክረምት ጭጋጉ አፋፉን ይሸፍነዋል፣ ቁልቁለቱም ጭቃ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ።

ግጭ በደረሳችሁበት ማግስት ይህን መንገድ የምትጀምሩት ቢያንስ አንድ ሌሊት ሰንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ካደራችሁ ብቻ ነው። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሳምንቱ የገባ ዘመድ ግን ስፖርተኛ ቢሆንም አልለመደም፣ አንድ ቀን ይጨመርለት። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸውና ምግብ የሚያስጠላው ሰው ካለ ያን ቀን ከፍ ወዳለ ቦታ አይወጣም። ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳይዘገይ ወደ ታች ይወሰዳል። የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ማስቀጠል አደገኛው ስሕተት ነው፤ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያቆመውም።

ድንኳኑና ከባዱ ዕቃ በበቅሎ ቀድሞ ወደ ጨነቅ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ጃኬቱን፣ መድኃኒቱንና ባትሪውን ከበቅሎው ጭነት ጋር ይልክና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በቲሸርት ይቀራል። በየሰው ጀርባ መቅረት ያለበት ይህ ነው፦ ዝናብና ነፋስ የሚመክት ጃኬት፣ ሞቅ ያለ ሹራብ፣ ባለ ሰፊ ጥላ ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የግል መድኃኒትና 3 ሊትር ውኃ። ለቡድኑ ደግሞ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ሁለት ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና አንድ ትርፍ የጫማ ክር ይበቃል። ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ ከባለቤቱ ጋር አብሯችሁ የሚጓዝ አንድ ትርፍ በቅሎ ተከራዩ፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረን ሰው በእግሩ ማውጣት የቀረውን ቡድን ሙሉ ቀን ይበላል።

ውኃውን ማታውኑ ግጭ ላይ አዘጋጁ። የምንጭ ውኃ ሦስት ደቂቃ ይፈላ፣ ወይም ውኃ አጋር የተባለው የውኃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆይ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ለመጠጥ ችግር የለውም፣ ምስር ግን ቶሎ አይበስልምና እራት የሚሠራው ሰው ቀደም ብሎ ይጣድ።

ለምግብ በሶን የሚያህል የለም፤ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ያዙት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር በየኪሱ ይሁን፣ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይበላ። ጭኮም ጥሩ ነው፣ ቅቤ ስላለበት ግን ለጾመኛ አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ካለ ጉዞውን በሌላ ቀን አድርጉት፤ በረመዳንም እንዲሁ። ባዶ ሆድና የውኃ ጥም የሚያመጡት ማዞር ከከፍታ ሕመም ስለማይለይ መሪው ምን እንደሚወስን ይቸገራል። የስካውቱንና የበቅሎ ነጂዎቹንም ምሳ አስቡ።

ቡድኑ ከስምንት ሰው ባይበልጥ ይመረጣል። አስጎብኚው ፊት ይሄዳል፣ ቀርፋፋው ሰው ወዲያው ከኋላው፣ ጠንካራውና ታጋሹ መጨረሻ ላይ። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ማንም አይቀርም፤ ለሽንት የቆመም ቢሆን ይጠበቃል። ስካውቱ በቦታው የተወለደ ነውና በእርሱ እርምጃ አትሂዱ። የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር በሚያስችል ፍጥነት ብቻ ተራመዱ። በሃምሳ ደቂቃው አምስት ደቂቃ ማረፍ ይበቃል፤ ረጅም ዕረፍት ጡንቻን ያቀዘቅዛል።

ከግጭ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። የጓሳውን ሣርና የጅብራውን ተክል እያቋረጠ የሚወጣው መንገድ እሜት ጎጎ ጫፍ እስከ 3 ሰዓት ያደርሳችኋል። እሜት ጎጎ ከዋናው ሸንተረር ወደ ፊት የወጣ ጫፍ ስለሆነ የሄዳችሁበትን መንገድ መልሳችሁ ትመጣላችሁ። እዚህ ላይ ነው ቡድኑ የሚያተርፈው፤ የደከመው ሰው ከሌላ ጓደኛ ጋር መገንጠያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ ጫፉን ባያይም እናትዬን ይወጣል። ከአፋፉ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ፤ ነፋሱ በድንገት ይገፋል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሣርም ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ የሚነሣ ሰው ወደ ኋላ አይራመድም፤ ማስተካከል ካስፈለገ አንሺው ይንቀሳቀስ።

ውሳኔው የሚሰጠው ከእሜት ጎጎ መልስ መገንጠያው ላይ ነው። ሰዓቱ ከ4 ካለፈ፣ የአንድ ሰው ውኃ ከግማሽ በታች ከወረደ ወይም ራሱን የሚያመው ካለ ወደ ግጭ ተመለሱ፤ እስከዚያ ድረስ መመለስ ቀላል ነው። ድንኳኑና ዕቃው ወደ ጨነቅ ስለተላከ ይህ እንዴት እንደሚሆን ከበቅሎ ነጂዎቹ ጋር ማታውኑ ተነጋገሩ።

እናትዬ ሥር 5 ሰዓት ተኩል ግድም ምሳ ብሉ፣ ሆድ አትሙሉ። ዳገቱን በአጫጭር እርምጃ፣ ጠመዝማዛውን ሳታቋርጡ ውጡ፤ በአቋራጭ የሚወጣ ሰው አሥር ደቂቃ አትርፎ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። 7 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ መሆን አለባችሁ። ደመናው ከቀትር በኋላ ነው የሚሰበሰበው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሸንተረሩን ልቀቁ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ወዳለው ዝቅ ያለ ቦታ ውረዱ፣ የብረት ምርኩዙን አስቀምጡ፣ ተራርቃችሁ ጎንበስ በሉ።

ወደ ጨነቅ መውረዱ ትንፋሽ አይጠይቅም፣ ጉልበት ግን ይፈጃል። ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ አለዚያ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል፤ ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ በምርኩዝ ተደግፎ መውረድ ነው። ደረቅ ጓሳ ሶሉ ያለቀ ስኒከርን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጠጠር በበዛበት ማንም ከሌላው በቀጥታ በላይ አይሁን፤ ድንጋይ ያንከባለለ ሰው ወዲያው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ። እግሩ ላይ መቃጠል የተሰማው ሰው ውኃ ሳይቋጥር በፊት ቆሞ ፕላስተር ይለጥፍ።

9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጨነቅ ስትደርሱ መጀመሪያ ላብ የነካውን ልብስ ቀይሩ፣ ከዚያ ጨው ያለበት ነገር ጠጡ። ዋልያ በብዛት የሚታየው በካምፑ ዙሪያ ባሉት ገደሎች ጠዋት ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ መኪናው በዚያው ቀን እንዲወስዳችሁ ካልተቸኮላችሁ ለማግስቱ 2 ሰዓት ቅጠሩት።