ፋይሉ እያለ «ፋይሉ የለም» የሚል ስክሪፕት

በዊንዶውስ የተጻፈ የሼል ስክሪፕት (ሼል በተባለው ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም የሚፈጸሙ ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ወደ ሊኑክስ ተዛውሮ ሲጀመር፣ ፋይሉ በቦታው እያለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልእክት ካሳየ፣ ከሁሉ በፊት የመስመሮቹን መጨረሻ መመርመር ይገባል። ዊንዶውስ መስመርን በ13 እና በ10 ቁጥር ቁምፊዎች ሲዘጋ ሊኑክስ ግን በ10 ብቻ ስለሚዘጋ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተረፈው የማይታይ 13 ቁጥር እዚያ ከተጻፈው የአስተርጓሚው (ስክሪፕቱን አንብቦ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ስም ጋር ተጣብቆ ይነበባል፤ ስለዚህ ጠፋ የተባለው ስክሪፕቱ ሳይሆን አስተርጓሚው ነው (መልእክቱ ይህን ሁልጊዜ በግልጽ አለመለየቱ ነው ሰውን የሚያደክመው)።

መፍትሔው «ቲአር» (tr) የተባለውን ትዕዛዝ ከመሰረዣ አማራጩ ጋር ተጠቅሞ ይህን 13 ቁጥር ቁምፊ ማስወገድና ውጤቱን በአዲስ ፋይል ማስቀመጥ ነው፤ በማክም ላይ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ውጤቱን ወደዚያው ፋይል መልሶ መጻፍ ግን አይገባም፤ ሼሉ ትዕዛዙን ከማስጀመሩ በፊት ፋይሉን ባዶ ያደርገዋልና። ለአዲሱ ፋይል የማስኬድ ፈቃድ መስጠትም አይዘንጋ።