የአማካይ ማርክ ፕሮግራም ሲሳሳት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ልምምድ ይሠራል፤ የተማሪዎችን ማርክ ከኪቦርድ ተቀበል፣ -1 ሲገባ አቁም፣ አማካዩን አውጣ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መቀበል፣ ማስላትና መደጋገም በአንድ ላይ የሚገናኙበት ስለሆነ ብዙው ስህተት እዚህ ይወለዳል። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር የሚያወጣው ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ ኮዱን ከመነካካትዎ በፊት 70፣ 80፣ 90፣ በመጨረሻም -1 አስገብተው ይሞክሩት። ትክክለኛው ድምር 240፣ አማካዩ 80 ነው። ሌላ ቁጥር ከወጣ፣ የወጣው ቁጥር ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

በፓይተን የተጻፈው ትክክለኛ ኮድ ይህን ይመስላል። ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጻፍኳቸው እንጂ ኪቦርድ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው (ኢንት int፣ ኢንፑት input፣ ዋይል while፣ ፕሪንት print)። የተለዋዋጮቹን፣ ማለትም እንደ ድምርና ማርክ ያሉትን ዋጋ መያዣዎች፣ ስም ግን ፓይተን 3 በአማርኛም ይቀበላል።

ድምር = 0
ብዛት = 0
ማርክ = ኢንት(ኢንፑት("ማርክ: "))
ዋይል ማርክ != -1:
    ድምር = ድምር + ማርክ
    ብዛት = ብዛት + 1
    ማርክ = ኢንት(ኢንፑት("ማርክ: "))
ፕሪንት(ድምር, ብዛት, ድምር / ብዛት)

ምልክት፦ ድምሩ 708090 ሆኖ ይወጣል

ኢንፑት የሚመልሰው ምንጊዜም ጽሑፍ ነው፤ የተተየበው ቁጥር ቢሆንም እንኳ። የመደመር ምልክት በጽሑፎች መካከል ሲገባ ደግሞ አይደምርም፣ አንዱን ከሌላው ጋር ያገጣጥማል። መፍትሔው እያንዳንዱን ግቤት በኢንት ወደ ሙሉ ቁጥር፣ ማርኩ እንደ 85.5 ያለ ክፍልፋይ ሊኖረው ከቻለ በፍሎት (float) ወደ ክፍልፋይ ቁጥር መለወጥ ነው። ድምርን ከ0 ያስጀመረ ሰው ይህ ቁጥር አይወጣለትም፤ ፓይተን ቁጥርንና ጽሑፍን አልደምርም ብሎ ታይፕኤረር የተባለ የስህተት መልእክት ያሳየዋል። መንስኤው ግን አንድ ነው። ከቆየ መጽሐፍ የሚማሩ ከሆነ ይጠንቀቁ። በፓይተን 2 ኢንፑት የተተየበውን ቁጥር እንደ ቁጥር ይወስድ ስለነበር በመጽሐፉ ላይ መለወጫው ላይኖር ይችላል። የዚያ ቅጂ ድጋፍ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አብቅቷል።

ምልክት፦ አማካዩ 180 ይሆናል

ሦስቱን ማርኮች በሦስት ተለዋዋጮች ይዘው 70 + 80 + 90 / 3 ብለው ጽፈዋል። ማካፈል ይቀድማል፤ 90 ለ3 ተካፍሎ 30 ይሆንና 150 ላይ ይደመራል። ድምሩን በቅንፍ ውስጥ ያስገቡት።

ምልክት፦ ድምሩ 90 ብቻ ነው

የመጨረሻው ማርክ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። «ድምር = 0» የሚለው መስመር በሉፑ (በዋይል ሥር በሚደጋገመው ክፍል) ውስጥ ገብቶ በየዙሩ ድምሩን ያጠፋዋል፤ አለዚያም «ድምር = ማርክ» ተብሎ ተጽፏል። መነሻ ዋጋዎች ከሉፑ በላይ ይቀመጣሉ።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ አያቆምም

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ይመልከቱ፤ አለመቆም ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው፣ የመጀመሪያውን ማርክ ተቀብሎ ዝም ይላል፤ ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አያትምም። ይህ የሚሆነው በሉፑ ውስጥ አዲስ ማርክ የሚቀበለው መስመር ሲረሳ ነው። ማርክ 70 እንደሆነ ይቀራል፣ 70 ደግሞ መቼም -1 አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ 70 ሲደምር ይኖራል። ኮንትሮልን ይዘው ሲን በመጫን (Ctrl+C) ያስቁሙትና የመቀበያውን መስመር በሉፑ መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። መስመሩ ተጽፎም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካልተሰለፈ ፓይተን ከሉፑ ውጭ እንዳለ ይቆጥረዋል፤ ውጤቱ ያው ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መጠየቁን አያቋርጥም፤ -1 ቢያስገቡለትም እንደገና «ማርክ:» ይላል። እዚህ ላይ ግቤቱ ወደ ቁጥር የተለወጠው ዘግይቶ፣ በመደመሪያው መስመር ላይ ነው። ዋይል የሚያነጻጽረው ጽሑፍ የሆነውን "-1" ከቁጥሩ -1 ጋር ስለሆነ ሁለቱ ፈጽሞ እኩል አይሆኑም። ገና ሲቀበሉት ይለውጡት።

ምልክት፦ ድምሩ 239፣ አማካዩ 59.75

ይህ ማቆሚያው ራሱ እንደ ማርክ ተቆጥሮ ነው። 240 ላይ -1 ተጨምሮ 239፣ ብዛቱም 4 ሆኗል። ሉፑ በመጀመሪያ ተቀብሎ፣ ደምሮ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማቆሚያ መሆኑን ይጠይቃል። ጥያቄው ከመደመሩ መቅደም አለበት።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ስህተት አለ፦ ድምሩ 169፣ አማካዩ 56.33 ገደማ። ከሉፑ በፊት የተቀበሉት 70 ሳይደመር ጠፍቷል፣ -1 ግን ገብቷል። በሉፑ ውስጥ መቀበያው ከመደመሪያው በላይ ስለተቀመጠ የመጀመሪያውን ማርክ ይተካዋል። ሁለቱን መለየት ካቃተዎት በመደመሪያው ሥር ፕሪንት(ማርክ, ድምር, ብዛት) ብለው ይጨምሩና እያንዳንዱን ዙር ይከታተሉ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሮ በእጅ መከታተልም ያው ነው፤ ለጀማሪ እንዲያውም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዶች ማቆሚያውን 0 ያደርጉታል። አልመክርም። ዜሮ ያገኘ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ የእሱ ማርክ ሲገባ ፕሮግራሙ ይቆምና ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ።

ምልክት፦ ዜሮዲቪዥንኤረር

ለ0 ለማካፈል ተሞክሯል፤ የመጀመሪያው ግቤት -1 ነበር፣ ብዛት 0 ነው። ከማካፈልዎ በፊት ብዛት ከ0 መብለጡን በኢፍ (if) ይጠይቁ።

ምልክት፦ ቫሊዩኤረር

ኢንት ወይም ፍሎት ሊለውጠው የማይችል ነገር ገብቷል፦ ባዶ ኢንተር፣ «70 80 90» በአንድ መስመር፣ ወይም ለኢንት የተሰጠ 85.5። ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንዳለ በግዕዝ ቁጥር ፯ ቢያስገቡ ኢንት አይቀበለውም። በዓረብኛ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን አሃዞች (ለምሳሌ ٧ን) ግን ይቀበላል፤ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመድበው ዩኒኮድ እነዚያን የአስርዮሽ አሃዝ ብሎ ሲመድባቸው የግዕዙን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጦታልና። ይባስ ብሎ ግቤቱ አሃዝ ብቻ መሆኑን በኢዝዲጂት (isdigit) የሚፈትሹ ከሆነ ፯ ፈተናውን አልፎ ኢንት ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ኢዝዲጂት -1ንም ስለሚጥለው ለዚህ ልምምድ ጨርሶ አይሆንም።

ሁነኛው መንገድ መለወጡን ሞክሮ፣ ካልሆነ እንደገና መጠየቅ ነው፦

ዋይል ትሩ:
    ትራይ:
        ማርክ = ፍሎት(ኢንፑት("ማርክ: "))
        ብሬክ
    ኤክሴፕት ቫሊዩኤረር:
        ፕሪንት("እባክዎ በቁጥር ያስገቡ")

ይህ ኮድ ማርክ በሚቀበሉባቸው በሁለቱም ቦታዎች ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ጽፈው ከሁለቱም ቦታ ይጥሩት።