የበግ ጠጉር ለእንዝርት እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ በጉን መለየት ነው። ባሕር ዳር ገበያ ላይ የሚበዛው ዋሸራ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ለሥጋ እንጂ ለፈትል አይሆንም። ለባና የሚፈለገው ከደብረ ታቦር በኩል የሚመጣው ጠጉራሙ የፋርጣ በግ ነው። ደገኛው በግ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ረግረግ ላይ አይሰማራ፤ የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያ ነው። ትሉ የቆየበት በግ ጠጉሩ በእጅ ሲሳብ ይነቀላል።

የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀው በኋላ ይሸለታል። እርጥብ ጠጉር ተከምሮ ይሻግታል። በጉ ሳይበላ ይደር፤ ሆዱ የሞላ በግ በቂጡ ሲቀመጥ ትንፋሽ አጥሮት ይራገጣል። መውለጃዋ የተቃረበ በግ እስክትገላገል ትቆይ።

የልብስ ሰፊ መቀስ እጅ ያዝላል፤ ሲጨብጡት ገጥሞ ሲለቁት ራሱ የሚከፈተው የበግ መሸለቻ ይሻላል። ለአምስትና ስድስት በግ ማሽን መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ጎረምሳ በጉን በቂጡ አስቀምጦ ጀርባውን ጉልበቱ ላይ ያስደግፈው። እግሩ መሬት ካልረገጠ አይታገልም። ከሆድ ተጀምሮ ወደ ጎን፣ አንገትና ጀርባ ይኬዳል። ግራ እጅ ቆዳውን ይወጥር እንጂ ጠጉሩን አይሳብ፤ ጠጉሩ ሲሳብ ቆዳው እንደ ድንኳን ይነሳና መቀሱ አፍ ውስጥ ይገባል። ብብትና ጡት አካባቢ ቀስ ይባል፤ ከተቆረጠ ዝንብ ሳይደርስበት አዮዲን ይቀባ። ረዝሞ የቀረውን ለማስተካከል ተመልሶ መቁረጥ የለም፤ ያ ቁርጥራጭ ፈትሉ ላይ እንደ ቅጫም ይንጠለጠላል።

በጠጥና ሽንት የነካው ተለይቶ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሂድ። ጭጎጎቱን ልጆች ይልቀሙት፤ ትልቅ ሰው ያለፈውን እነሱ ያገኙታል።

ሥራው የሚበላሸው አጠባው ላይ ነው። ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይጠላለፍና እንደ ቆብ ጨርቅ ይጠጥራል። ከዚያ ወዲያ ከኮርቻ ሥር ከመነጠፍ በቀር አይረባም፤ ጠጉር የሚነደፍበት ደጋንም አይፈታው።

ለ1 ኪሎ ጠጉር 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ 20 ሊትር ውሃ ይበቃል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ 12 ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 8 ሊትር ቀዝቃዛ ቢጨመር፣ ሳፋው ከሚወስደው ጋር ልክ ይመጣል። መጀመሪያ 3 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ጠጉሩ። በእንጨት ወደ ታች ተጭኖ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ማማሰል የለም፣ ማሸት የለም። ውሃው ሳይቀዘቅዝ መውጣት አለበት፤ ከቀዘቀዘ የለቀቀው ስብ ተመልሶ ይጣበቅበታል። ማለቅለቂያውም በዚያው ልክ የሞቀ ይሁንና ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ቧንቧ ሥር መያዝ ያው ማጠጠር ነው። ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅ፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ ይሰጣ።

በረኪና ጠጉርን ያሟሟዋል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናም ያሻክረዋል። እንዶድ ግን ያጥባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ፍሬ ነው። ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢው ጣና ውስጥም ሆነ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይደፋ።

በነጋታው ለመንደፍ አትቸኩሉ። ላዩ ደርቆ ውስጡ የረጠበ ጠጉር ደጋኑ ጅማት ላይ ይጠመጠማል፤ እፍኝ ሙሉ ጨብጣችሁ ስትለቁት ተንሰፍስፎ ካልተነሳ አንድ ቀን ይቆይ።