የአሜሪካ ፓርቲዎች ከሕገ መንግሥት ክርክር እንዴት እንደተወለዱ በክፍል ውስጥ ማከራከሪያ መንገድ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ይህን ርዕስ የሚያስተምር የታሪክ መምህር የሚሰናከልበት ቦታ አንድ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍልና በ1787 ሕገ መንግሥቱን የደገፉትን አንድ ፓርቲ፣ የተቃወሙትን ሌላ ፓርቲ አድርጎ ይጽፋል። ጄምስ ማዲሰን ላይ ሲደርስ ግን አሰላለፉ ይፈርሳል። ማዲሰን ለሕገ መንግሥቱ መጽደቅ ግንባር ቀደም ተከራካሪ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ከቶማስ ጄፈርሰን ጋር የተቃዋሚውን ፓርቲ መሠረተ። ስለዚህ ክርክሩን በሁለት ክፍለ ጊዜ ለዩት፦ አንዱ ሕገ መንግሥቱን ስለ ማጽደቅ፣ ሌላው ብሔራዊ ባንክ ስለ ማቋቋም። የፓርቲዎቹ ሥር ያለው ባንኩ ላይ ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉ። ያን ጊዜ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ እንደነበርን ብትነግሯቸው ጊዜውን ቶሎ ይይዙታል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን 13 ቡድን አድርጓቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ግዛት ነው። ሕጉ እንዲጸና 9 ግዛት ይበቃል። በቅደም ተከተል ጥሯቸው፦ ዴላዌር በታኅሣሥ 1787 ቀድማ አጸደቀች፤ ማሳቹሴትስ በ187 ለ168 ድምፅ አለፈች፤ ኒው ሃምፕሸር በሰኔ 1788 ዘጠነኛ ሆነች። እዚህ ላይ ክርክሩን አቁሙና ጠይቁ፦ ቨርጂኒያና ኒውዮርክ ገና ሳይገቡ ይህ ኅብረት ይቆማል? መልሱን የድምፁ ጠባብነት ያሳያል፤ ቨርጂኒያ 89 ለ79፣ ኒውዮርክ 30 ለ27። የተቃዋሚዎቹ ትልቁ ቅሬታ የዜጎች መብት አለመዘርዘሩ ነበር። በ1791 አሥሩ ማሻሻያዎች ሲጸድቁ ያ ቅሬታ በአብዛኛው ረገበ። ከ25 ደቂቃ በላይ አትቆዩበት፤ እዚህ የሚባክን ሰዓት ከባንኩ ላይ ይቀነሳል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የአንቀጽ 1 ክፍል 8ን የመጨረሻ ሐረግ ለሁሉም አንብቡ፦ ምክር ቤቱ የተዘረዘሩለትን ሥልጣኖች ለመፈጸም «አስፈላጊና ተገቢ» የሆኑ ሕጎችን ማውጣት ይችላል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አሌክሳንደር ሃሚልተን ያቀረበው ባንክ ካፒታሉ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ዕድሜው 20 ዓመት፣ አንድ አምስተኛ ድርሻው የመንግሥት ነበር። ባንክ የሚል ቃል ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ሃሚልተን «ለሥራው የሚጠቅም ሁሉ ይፈቀዳል» አለ። ጄፈርሰን «ያለ እርሱ ሥልጣኑ ሊፈጸም የማይችል ካልሆነ በቀር አይፈቀድም» አለ። ማዲሰንም ምክር ቤት ውስጥ ባንኩን ተቃወመ። አብነት ትምህርት ቤት አጠገብ ያደገ ተማሪ አንድ ንባብ በ«አንድም» ሁለት ሦስት ፍች ሲሰጠው ሰምቷልና ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ ፍቹ ሕግ ሆኖ መውጣቱ ነው። ሕጉ በምክር ቤት 39 ለ20 አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን በየካቲት 1791 ፈረመበት።

ክርክሩ ከሁለት ወገን ጩኸት እንዳይሆን አንድ ተማሪ ዋሽንግተን ይሁን። የሁለቱንም ጽሑፍ ይቀበልና በ5 ደቂቃ ይወስን፤ ምክንያቱን ግን ከሐረጉ ብቻ ያምጣ። «ባንክ ይጠቅማል» ብቻ ብሎ የወሰነ ተማሪ የኢኮኖሚ ክርክር እንጂ የሕገ መንግሥት ክርክር አላካሄደም፤ መልሱትና ይድገም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እለፉት፦ ጋዜጦቹ ወገን ያዙ፤ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የጄይ ስምምነት ጎራውን አሰፋ። የሃሚልተን ጎራ ፌዴራሊስት፣ የጄፈርሰንና የማዲሰን ጎራ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊካን ተባለ። የዛሬዎቹ ሪፐብሊካኖች ከእነዚህ የተለዩ፣ በ1854 የተመሠረቱ መሆናቸውን ሳትናገሩ አትለፉ።

ለመጨረሻው 10 ደቂቃ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪል መራጮች በቀድሞው ሕግ ሁለት ስም እንዲጽፉ ይገደዱ ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ቀጣዩ ምክትል ይሆናል። መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ ፈቃድ ይምረጥ። ቀጥሎ አንድ ፓርቲ ሠርታችሁ አባላቱ ሁሉ ሁለቱን ዕጩዎቻቸውን ብቻ ይጻፉ። ድምፁ እኩል ይመጣል፤ በ1800 ምርጫ ጄፈርሰንንና የፓርቲው ጓድ አሮን በርን 73 ለ73 ያቆማቸው ይኸው ነው። ምክር ቤቱ ለመወሰን 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። ወረቀቶቹን ሳትሰበስቡ 12ኛውን ማሻሻያ (1804) አንብቡና ለፕሬዚዳንትና ለምክትሉ በየራሱ ወረቀት እንደገና ያስመርጧቸው።